የሐይቅ ዳር ጎጆ በፊንላንድ

በጁላይ ወር ሄልሲንኪን የጐበኘ እንግዳ፣ መሥሪያ ቤቱ ጭር ብሎ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ አግኝቶ ሕዝቡ ወዴት ተሰደደ ብሎ ቢጠይቅ፣ ወደ ሐይቅ ዳር ጎጆው ወርዷል የሚል መልስ ያገኛል፤ አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያላት ይህች አገር ከ500,000 በላይ የበጋ ጎጆዎች አሏትና። የአገሩም ሰው ይህን ልማድ ከጥንት አባቶቹ የወረሰው ትውፊት አድርጎ ይቈጥረዋል። ታሪኩን መርምሮ ለተመለከተ ግን፣ የገበሬው ቅድመ አያት ሐይቅ ዳር የሰፈረው ዓሣ ሊያጠምድና ከብቱን ሊያጠጣ እንጂ ሊያርፍበት አልነበረም፤ በጋን በዕረፍት የማሳለፉ ልማድ ከመኳንንቱና ከባለጸጎቹ ወደ ሕዝቡ የወረደ፣ ዕድሜውም ከሁለት መቶ ዓመት የማይዘልቅ ነገር ነው።

ፊንላንድ ከ1809 እስከ 1917 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ሥር የምትተዳደር ታላቅ መስፍናዊት ግዛት ስለ ነበረች፣ የመንግሥቱም ርእሰ ከተማ ፒተርስበርግ ከድንበሯ ስለማይርቅ፣ በ1870 የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሁለቱን አገሮች ባገናኘ ጊዜ የዚያ ከተማ ሹማምንትና ነጋዴዎች በካሬሊያ ልሳነ ምድር ላይ ያለችውን ቴሪዮኪንና አጎራባች መንደሮቿን በጥድ ደን መካከል በተሠሩ የእንጨት ቪላዎች ሞሏቸው፤ ታዋቂው ሠዓሊ ኢልያ ሬፒንም ከእነዚሁ መንደሮች በአንዲቱ በኩኦካላ ተቀምጦ በ1930 በዚያው ሞተ። ከሁሉ የሚደንቁት ግን ንጉሠ ነገሥቱ እስክንድር 3ኛ ራሳቸው ናቸው። ከኮትካ ከተማ አጠገብ፣ የቫላም ገዳም መነኮሳት ቀድሞ ሳልሞን ዓሣ ያሠግሩበት በነበረው በላንጊንኮስኪ ፈጣን ወራጅ ውሃ ዳር፣ በ1889 ከግንድ የታነጸ ቤት ተሠርቶላቸው፣ ያን ያህል ምድር የሚገዙ ሰው በገዛ እጃቸው ማገዶ ሲፈልጡ፣ ዴንማርካዊቷ እቴጌ ማሪያ ፌዮዶሮቭናም ምግቡን ራሳቸው ሲያበስሉ የበጋ ቀኖችን ያሳልፉ እንደ ነበር ይተረካል። ለድኻ ድካም የሆነው ሥራ ለባለጸጋ መዝናኛ መሆኑ በዚያ አገር በግልጽ የታየው ከዚህ ጀምሮ ይመስለኛል።

ሕዝቡ ግን በዚያ ጊዜ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ብዙ የገጠር ሰው በባለርስት መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ነበርና፣ የያዘውን መሬት ገዝቶ የራሱ እንዲያደርግ የፈቀደለት ሕግ የወጣው ገና በ1918 ነው። ለሠራተኛው የዓመት ዕረፍት የደነገገው ሕግም በ1939 ቢታወጅ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነት ተነሣ፤ አገሪቱም የካሬሊያን ሰፊ ክፍል ለሶቪየት ኅብረት ለቅቃ፣ ከ400,000 የሚበልጥ ተፈናቃይ ሕዝቧን በቀረው ምድሯ ላይ ስታሰፍር ቈየች። የቴሪዮኪ ቪላዎች ከድንበር ማዶ ቀሩ።

ጎጆውን የሕዝብ ያደረገው ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የገበሬው ልጅ እርሻውን ትቶ ወደ ፋብሪካውና ወደ ከተማው ፎቅ ጐረፈ፤ ነገር ግን ሥጋው በሦስተኛው ደርብ ቢያድርም ልቡ ከሐይቁ ዳር ስላልተነሣ፣ ከአባቱ ርስት ጥቂት ዳርቻ ተከፍሎለት ወይም ከገበሬ ገዝቶ፣ በዓመት ፈቃዱ ጊዜ በገዛ እጁ፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ ቤት በተረፈ ሳንቃ፣ ጎጆውን ቀለሰ። ብዙዎች አስቀድመው የሠሩት ሳውናውን፣ ማለትም የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ ነበር፤ ዋናው ቤት እስኪያልቅ ያድሩበታልና። ልብ ያለውን ሰው የሚያስገርመው፣ እናቱ ስትማረርበት የኖረችውን፣ ውሃ ከጕድጓድ መቅዳትን፣ በእንጨት ምድጃ ማብሰልን፣ ወደ ጓሮ ሽንት ቤት መመላለስን፣ ልጅየው ቧንቧና ኤሌክትሪክ ካገኘ በኋላ ገንዘብ ከስክሶ፣ መንገድ ተጕዞ መፈለጉ ነው።

ስለዚህ የጎጆው ሳምንት የሥራ ፈት ሳምንት አይደለም። ማገዶ ይፈለጣል፣ ግድግዳ ይቀባል፤ የቤቱ ምንጣፍ ወደ ሐይቁ ወርዶ ከጥድ በተሠራ ሳሙና ይታሻል፤ ልጆች ከደኑ የዱር ፍሬ ይለቅማሉ፣ ይህም ደኑ የማንም ቢሆን ለሁሉ የተፈቀደ ጥንታዊ መብት ነው። ሲመሽ፣ መሸ ከተባለ (በሰኔ አጋማሽ በሄልሲንኪ ቀኑ 19 ሰዓት ያህል ነውና)፣ የሳውናው ድንጋይ ግሎ ውሃ ይቸለስበታል፤ ሰዎቹም ገላቸውን በበርች ቅጠል እየመቱ ካላባቸው በኋላ ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። ከጎጆው ሁሉ እውነተኛው ጥንታዊ ነገር ይህ ነው። ሳውና ቀድሞ ሴት የምትወልድበት፣ ሬሳ የሚታጠብበት ንጹሕ ሥፍራ ስለ ነበረ፣ በውስጡ እንደ ቤተ ክርስቲያን በጸጥታ መቀመጥ ይገባል ይባል ነበር፤ ዩኔስኮም በ2020 ባህሉን ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጨምሮታል።

የወቅቱ ታላቅ በዓል ዩሃኑስ፣ ማለትም ልደተ ዮሐንስ መጥምቅ ነው። የእኛይቱ ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 30 ቀን የምታስበውን ይህንኑ ልደት፣ በብዛት ሉተራውያን የሆኑት ፊንላንዳውያን ከ1955 ጀምሮ ከጁን 20 እስከ 26 በሚውለው ቅዳሜ ያከብሩታል፤ በሐይቅ ዳርም ትልቅ ደመራ ያነዳሉ።

ለዚህ የቀላል ኑሮ ፍቅር ምሳሌ የምትሆነው የሙሚን ተረቶች ደራሲ ቶቬ ያንሰን፣ ዝናዋ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ እንኳ፣ ክሎቭሃሩን በምትባል ቋጥኝ ደሴት ላይ ቧንቧ በሌለው ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መግቢያ በጋዋን አሳልፋለች። ዛሬ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ግን ኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ ውሃና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያላቸው፣ ክረምት ከበጋ የሚኖርባቸው ቤቶች ናቸው፤ ምቾታቸውን አልነቅፍም፣ ከ1950ዎቹ ጎጆ ጋር በአንድ ወገን መቍጠር ግን በእኔ ፍርድ ልክ አይደለም።