የሰው መሬት፣ የራስ ላብ

«ቴናንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ አፋችን የሚቀናው «ጭሰኛ» ማለት ነው። ቃሉ ግን ያሳስታል። የእኛ ጭሰኛ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ እየሰፈረ፣ በራሱ ጉልበት የሚያርስ ሰው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ መንደር የነበረው ቴናንት ደግሞ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል፣ የራሱ ፈረሶችና ከብቶች ያሉት፣ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ሰው ነው። ስለዚህ «ተከራይ ገበሬ» ብለው ይሻላል። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ ሰው ከሩቅ ሲታይ ጌታ ይመስላል። ሚስቱ ቅቤና አይብ ታስወጣለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ልብሱ ንጹሕ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ጥያቄ ግን አንድ ነው። የራሱ ባልሆነ መሬት ላይ ያፈሰሰው ገንዘብና ላብ የማን ነበር?

ኪራይ በአብዛኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ ማርች 25 በብሥራት እና ሴፕቴምበር 29 በቅዱስ ሚካኤል በዓል። ብዙዎቹ ረጅም ውል አልነበራቸውም። ውላቸው ከዓመት ዓመት ይሻገራል፤ ባለርስቱ ካልፈለገ ግን በስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ያስለቅቃል።

መሬት ደግሞ በስድስት ወር አይለማም። ረግረጉን ለማድረቅ የሸክላ ቧንቧ ከመሬት በታች ይቀበራል። ኖራ ይበተናል። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ከፔሩ በመርከብ የመጣ የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ይገዛል። ፍግ እንዲሰባ ለከብቱ ፋጉሎ ይበላል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ገበሬው በመካከሉ ቢነሣ ልማቱ ለባለርስቱ ይቀራል። እንደ ሊንከንሺር ባሉ ጥቂት አውራጃዎች የአገሩ ልማድ ለተነሺው ካሣ ያስከፍል ነበር፤ በሌላው ስፍራ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ይህን ፍርሃት በደንብ ያወቀችው ደራሲዋ ጆርጅ ኤልየት ናት። እውነተኛ ስሟ ሜሪ አን ኢቫንስ ሲሆን፣ አባቷ በዎሪክሺር የአንድ ትልቅ ርስት አስተዳዳሪ ነበር። በ1859 ባሳተመችው «አዳም ቢድ» ልቦለድ ውስጥ ሽማግሌው ባለርስት ከተከራዩ ከፖይዘር ቤት በጣፋጭ አንደበት ይመጣል። የእህል መሬቱን ለሌላ ተከራይ ለቆ በምትኩ የከብት ግጦሽ እንዲቀበል ይጠይቀዋል። ባልየው ቃል ሲያጥረው ሚስቲቱ የዓመታት ብሶቷን ታወርድበታለች። በኋላ ግን ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው የአባትና የአያት እርሻን ለቆ መሄድ ነው።

የተከራዩ አንገት የሚደፋው በኪራይ ቀን ብቻ አልነበረም። እስከ 1872 ድረስ የፓርላማ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው በግልጽ ስለነበር ማን ማንን እንደመረጠ ባለርስቱ ያውቃል። ጥንቸሉ ሰብሉን ቢጨርስበት እንኳ የአደኑ መብት በአብዛኛው የጌታው ነበር። ለገበሬው ጥንቸል የመግደል መብት በሕግ የተረጋገጠለት በ1880 ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ተከራዩን ንጹሕ ተበዳይ አድርጎ ማቅረብ ግን አልችልም። በ1830 የተራቡ የእርሻ ሠራተኞች በደቡብ እንግሊዝ የመውቂያ መኪና ሰብረው ክምር አቃጠሉ፤ 19 ሰዎች ተሰቀሉ። ያን ጊዜ አንዳንድ ገበሬዎች «ኪራይና አሥራት ይቀነስልን፤ እኛም ደመወዝ እንጨምራለን» አሉ። መልሱ እውነትነት ነበረው። ጄምስ ኬርድ በ1850 እና በ1851 አገሩን ዞሮ ሲያጠና ግን የደቡቡ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ በአማካይ 8 ሺሊንግ ከ5 ፔኒ ሆኖ አገኘው። በ1872 ጆሴፍ አርች የተባለ ሠራተኛ በዎሪክሺር ባልንጀሮቹን ለማኅበር ሲያስነሣ፣ ተከራዮቹ በማኅበሩ ላይ ቆሙ። በ1874 በምሥራቁ ክፍል የማኅበር አባላትን ከሥራ አግደው አሸነፏቸው። በባለርስቱ ፊት የላቡን ዋጋ የሚጠይቅ ሰው፣ ከበታቹ ያለው ሰው ያንኑ ሲጠይቀው በሩን ዘጋበት።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። በ1879 ዝናቡ አላባራ ብሎ አዝመራው ጠፋ፤ በግ በጉበት በሽታ አለቀ። ከአሜሪካም በባቡርና በእንፋሎት መርከብ ርካሽ ስንዴ ጎረፈ። በ1877 በ56 ሺሊንግ ከ9 ፔኒ ይሸጥ የነበረው አንድ ኳርተር ስንዴ (ከሁለት ኩንታል ጥቂት ይበልጣል) በ1894 ወደ 22 ሺሊንግ ከ10 ፔኒ ወረደ። አንዳንድ ባለርስቶች ኪራይ ቀንሰው እንኳ ተከራይ አጡ።

ስለ ካሣ በ1875 የወጣው ሕግ ውል በማድረግ ሊታለፍ የሚችል ስለነበር ብዙ አልረባም። በግዴታ የጸናው በ1883 ነው። ሕንፃ ለመሥራት የባለርስቱ ፈቃድ፣ ረግረግ ለማድረቅ ማስታወቂያ ያስፈልግ ነበር። ለኖራ፣ ለተገዛ ማዳበሪያና ለፋጉሎ ግን ፈቃድም ማስታወቂያም ሳያስፈልግ ካሣ ተፈቀደ። መልካም ሕግ ነው፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። ካሣው የመጣው ስንዴ ያበለጸጋቸው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የሚቆረቁረኝ የሕጉ መዘግየት ብቻ አይደለም። ሕጉ የኖራውን ዋጋ ቆጠረ፤ የማዳበሪያውንም ቆጠረ። ኖራውን በጭቃ ውስጥ እየተመላለሰ የበተነው የቀን ሠራተኛ ግን በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም።