የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ማታ ቤት መግባት፦ የመቶ ዓመት ታሪክ

የተጣመመ የአፍንጫ ግድግዳውን ጠዋት በቀዶ ሕክምና አስተካክሎ ማታ ራቱን ቤቱ የሚበላ ሰው ዛሬ በብዙ አገር ብርቅ አይደለም። ይህ ግን የትናንት ፈጠራ አይደለም።

በ1884 እ.ኤ.አ. ካርል ኮለር ቪየና ውስጥ ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አሳዩ። መድኃኒቱ የደም ሥርንም ስለሚያጠብ ቶሎ ለሚደማው አፍንጫ ሁለት ጥቅም ሰጠ። በ1902 ኦቶ ፍሪር በቺካጎ፣ በ1904 ደግሞ ጉስታቭ ኪሊያን በጀርመን ፍራይቡርግ፣ የአፍንጫውን የውስጥ ሽፋን ገልጦ የተጣመመውን አጥንት ብቻ የማውጣትን ዘዴ አሳወቁ።

ታካሚን በዚያው ቀን ወደ ቤት መሸኘት በሰፊው የተሞከረው ግን በሕፃናት ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ኒኮል በ1909 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በግላስጎው የሕፃናት ሆስፒታል የተመላላሽ ክፍል በአሥር ዓመት 8,988 ቀዶ ሕክምና መሠራቱን ገለጹ። ሕፃናቱ አልጋ አልያዙም። እናት ታስታምማለች፣ ነርሶችም ቤት ድረስ እየሄዱ ቁስሉን ያያሉ።

በ1970 ዋላስ ሪድና ጆን ፎርድ የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪሞች በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ራሱን የቻለ የቀን ቀዶ ሕክምና ማዕከል ከፈቱ። ቶሎ የሚያነቁ ማደንዘዣዎች ሲመጡ መንገዱ ይበልጥ ሰፋ።

ለአፍንጫ ሌላ እንቅፋት ነበረ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚጠቀጠቀው ፋሻ። ብዙ ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ፋሻው ሲወጣ ያለውን ሕመም ያስታውሳል። ሁለቱን ሽፋኖች በክር አጣብቆ መስፋት ሲለመድ ፋሻው ለብዙዎች አላስፈላጊ ሆነ።

አደጋው ግን አልጠፋም። በሽፋኑ ሥር ደም ከተጠራቀመና ቶሎ ካልተቀዳ ለስላሳው አጥንት ይሞታል፤ አፍንጫውም ይሰረጉዳል። ስለዚህ ታካሚው ከመሸኘቱ በፊት ይጠየቃል፦ ማታ አብሮት የሚያድር ሰው አለ? ደም ቢፈስ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሐኪምስ? ሆስፒታሉ ምን ያህል ይርቃል?

ከሆስፒታል የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ለሚኖር ሰው መልሱ "እዚሁ ይደር" ሊሆን ይችላል። የቀን ቀዶ ሕክምናን ወጪ መቆጠቢያ ብቻ አድርገው የሚያዩ የጤና ኃላፊዎች የኒኮልን ታሪክ ግማሹን ነው ያነበቡት። ኒኮል አልጋውን ሲያስቀሩ ነርሷን አላስቀሩም።