ሽቅብ የወጣው ውኃ

ሥነ ቃል በማስተምርባቸው ዓመታት የዐፄ ምኒልክን ውኃ ማንሳት እወድ ነበር። ውኃው ከእንጦጦ ተነሥቶ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ ከዚያ የቤተ መንግሥቱን ጉብታ ሽቅብ ሲወጣ ያየ የዘመኑ ሰው በግጥም አድንቆታል። እኔ ታዲያ ሰሌዳው ላይ «ግነት» ብዬ እጽፍና፣ «ልጆች፣ ውኃ ሽቅብ አይሄድም። ገጣሚው ንጉሡን ለማወደስ ሲል የተፈጥሮን ሕግ አሽሮታል» እላቸው ነበር። ተማሪዎቼም እየተከተሉ ይጽፋሉ። ፈተና ላይም ሳላወጣው አልቀረሁም።

ስሕተቴን ያሳየኝ ሊቅ አይደለም። ወጥ ቤቴ ውስጥ ተንበርክኮ ቧንቧ የሚፈታ ወጣት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆዴን አመም እያደረገኝ ስቸገር ልጆቼ የውኃ ማጣሪያ ገዙልኝ፤ ያ በስስ ሽፋን ውኃን እየጨመቀ ጨው ሳይቀር የሚያስቀረውን ዓይነት። ተገጠመ፣ ተመረቀ፣ ቧንቧው ተከፈተ። ጠብ... ጠብ... ጠብ። አንድ ብርጭቆ እስኪሞላ ጋዜጣዬን አንብቤ ጨረስኩ፤ ማስታወቂያውን ጭምር። ሻጩ ጋ ብንደውል «ዕቃው ምንም አይወጣለትም» አለን። የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ አየና፣

«ጋሼ፣ ማጣሪያው ደኅና ነው። ሮቶዎ ነው ዝቅ ያለው» አለኝ።

«ሮቶው እኮ ከጣራው በላይ ነው!»

«ቢሆንስ? አራት ሜትር ነው። ይሄ ሠላሳ ሜትር ይፈልጋል።»

ማስረዳት ይችልበታል። ውኃ የሚገፋው ከበላዩ ባለው ውኃ ክብደት ነው። 10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። የእኔ ሮቶ የባር አራት ዐሥረኛ እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ማጣሪያው ደግሞ በወጉ ለመሥራት ሦስት ባር ገደማ ይሻል። ይህን በፎቅ ብንለካው ሮቶዬ ዐሥረኛ ፎቅ ላይ መቀመጥ ነበረበት ማለት ነው። የሮቶው ስፋት ምንም አይጠቅምም። ሺህ ሊትር ያዘ አምስት ሺህ ሊትር፣ የሚቆጠረው ቁመቱ ብቻ ነው። «ውኃ እኮ ጋሼ፣ ከወረደበት ከፍታ ሳያልፍ እስከፈለጉት ድረስ ሽቅብ ይወጣል» ብሎ ቁልፉን ሲያነሣ፣ እኔ ያ ሰሌዳ ትዝ አለኝ።

ግነት አልነበረማ! ገጣሚው ያየውን ነው የተናገረው።

አልፍሬድ ኢልግ የሚባለው የስዊስ መሐንዲስ ሸዋ የገባው በ1871 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ። በ1880ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የቧንቧ ውኃ ሲዘረጋ የተማመነው ፓምፕ ላይ አይደለም፤ ተራራው ላይ ነው። እንጦጦ ከግቢው ጉብታ በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል። ውኃው በተዘጋ ቧንቧ ቁልቁል ሲወርድ ግፊት ያጠራቅማል፣ በዚያው ግፊት ማዶ ያለውን ጉብታ ይወጣል። ቧንቧው እስካላፈሰሰ ድረስ ተአምር አያስፈልግም። ተራራውን ያየ ሁሉ ሊያስበው ይችል ነበር፤ ግን ወንዝ ብቻ ለሚያውቅ ዓይን ነገሩ እውነትም የሚያስገርም ነው። እኔ በመቶ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ቆሜ ካላመንኩት የዚያን ጊዜውን ሰው ማን ይወቅሰዋል?

ውኃው የወጣው ወደ ግቢ መሆኑ ግን መረሳት የለበትም። ሕዝቡ እንስራውን አዝሎ ምንጭና ወንዝ ይወርድ ነበር። ቧንቧው ወደ ሠፈር ሲዘልቅም ለብዙው ሰው ያው በቦኖ ወረፋ ነው። በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ ከምዕራብ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ ከምሥራቅ ሲጨመሩ ሁለቱም ከመሐል ከተማው ከፍ ያሉ ስለነበሩ፣ አዲስ አበባ በአብዛኛው የምትጠጣው ቁልቁል የሚመጣ ውኃ ነበር። ከተማዋ ስትሰፋ ይህ አልበቃም። በ1990ዎቹ የአቃቂ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። አቃቂ የከተማዋ ወለል ነው፤ ከእንጦጦ አናት ከ800 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የእሱ ውኃ ሽቅብ የሚገፋው በመብራት ኃይል ነው። መብራት ሲሄድ ውኃም የሚሄድብን ሰዎች ምክንያቱን ከዚህ እንፈልገው።

ወደ ወጥ ቤቴ ልመለስ፤ እዚያ የሠራሁትን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

ወጣቱ ከሮቶው በኋላ ትንሽ ፓምፕ አስገባልኝና ማጣሪያው ሠራ። ግን ይህ ዓይነቱ ማጣሪያ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሦስት አራት ሊትር ያፈሳል፤ ግፊቱ ሲያንስ ደግሞ ይብስበታል። በወረፋ ለምናገኘው ውኃ! ሮቶው በሁለት ቀን ጭልጥ ይል ጀመር። የመንገዱ መስመር ደግሞ አቅም አንሶት አራት ሜትር ወጥቶ አይሞላውም። ስለዚህ ሠፈራችን ውስጥ ስንቱ የሚያደርገውን እኔም አደረግሁ፤ ሌላ ፓምፕ ገዝቼ መስመሩ ላይ በቀጥታ አስገጠምኩ። ወጣቱ «ጋሼ፣ ይሄ ደግ አይደለም» ብሎኝ ነበር። ሌላ ሠራተኛ ጠራሁ።

ሮቶዬ በአንድ ሌሊት ጢም አለ። በሳምንቱ ከበላያችን የሚኖሩ አንዲት እማማ ጀሪካን ይዘው በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ የኔ ቧንቧ ነፋስ ብቻ ሆነ። አንተ ጋ መጥቷል እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ ይግቡ» አልኩ። ሞላሁላቸው። መረቁኝ። ምርቃቱን ቆሜ ተቀበልኩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ፓምፕ ውኃ አይፈጥርም፤ የሌላውን ድርሻ ይጎትታል። ይህ ብቻም አይደለም። መስመሩ ግፊት ሲኖረው በተሰነጠቀበት በኩል ውኃው ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ፓምፕ ሲመጠው ግን በዚያው ስንጥቅ የዙሪያው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል። የሠፈራችን ቧንቧ ደግሞ ከፍሳሽ ቦይ ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። እኔ የሳብኩትን እድፍ ማጣሪያዬ ያስቀርልኛል። እማማ ማጣሪያ የላቸውም።

ወጣቱን ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ፓምፑን ከመስመሩ ነቀለና ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ሌላ ታንከር አስቀመጠልኝ። መስመሩ ሌሊት ሌሊት በራሱ አቅም ይሞላዋል፤ ፓምፑ ከታንከሩ ወደ ሮቶው ይገፋል። ማጣሪያውን ስምጥ ሸለቆ ለምትኖር እኅቴ ላክሁት። በዚያ አካባቢ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ አፍልቶ መጠጣትም አያስለቅቀውም። እንዲህ ያለው ማጣሪያ እዚያ ሥራ አለው። ለራሴ ከሸክላ የተሠራ ሻማ ያለበት ባለ ሁለት ባልዲ ማጣሪያ ገዛሁ። ውኃው በገዛ ክብደቱ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል። ማታ የሞላሁትን ጠዋት እጠጣለሁ።

ለእማማም እንደዚያው ያለ አንድ ወሰድኩላቸው። «ምነው ልጄ፣ ለአንድ ጀሪካን ውለታ የምትከፍለው አንተ ሆንክ እንዴ?» አሉኝ። ምክንያቱን እስካሁን አልነገርኳቸውም።