እፍ ያዳነው የሚመስለን ካሴት

የባቻችን ልጆች፣ በዚህ መጽሐፍ ላይ ስለ ግቢያችን ታሪክ የሚጽፍ አይጠፋም። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ መጀመሩን፣ እኛ ስንገባ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የነበረው በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ መባሉን ሌሎቻችሁ ከእኔ በተሻለ ትጽፉታላችሁ። እኔ የማነሳው ማንም ታሪክ ብሎ ያልመዘገበውን ነው፤ ከቲቪ ጋር የሚሰካውን የጌም ማሽንና የካሴቱን ነገር። ዶርም ውስጥ ይህ ወሬ ሲነሳ የደብረ ታቦሩም፣ የደሴውም፣ የአዲስ አበባውም ልጅ መልሱ አንድ ነበር፦ ካሴቱ ሲያስቸግር እፍ ትይዋለሽ። ማንም ሳያስተምረው ሁሉም እንዴት አንድ ዓይነት መድኃኒት አዘዘ?

ማሽኑ የልጆች መጫወቻ ብቻ አይደለም። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ስሙን ‹ፋሚሊ ኮምፒዩተር› ነው ያለው፤ የቤተሰብ ኮምፒዩተር። ዋጋው 14,800 የን ነበር፤ ሥራውን የመራው ማሳዩኪ ኡዌሙራ የሚባል መሐንዲስ ነው። በዓመቱ ኪቦርድ፣ ከነሱም ጋር ቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያለበት ካሴት ወጣለት። ወደ እኛ የመጣው ግን ዋናው አልነበረም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የእስያ ፋብሪካዎች የማሽኑን ክፍሎች በአንድ ቺፕ ላይ አጠቃለው በርካሽ ያመርቱት ጀመር። ሩሲያ ውስጥ ‹ዴንዲ›፣ ቻይና ውስጥ ‹ሱቦር› ተባለ። እኛ ጋ ‹ጌም› ነው፤ በቃ። ካሴቱ ላይ ‹9999 ጨዋታ› ተብሎ ይጻፍና ስትቆጥሪው ጥቂት ጨዋታ ስሙን እየቀያየረ ይደጋገማል።

አርብ ገበያ የደረሰው ከነፋስ መውጫ በሚመጣ አይሱዙ ላይ፣ ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተጭኖ ነው። ያመጣው ሁላችንም ጋሼ የምንለው የሻይ ቤት ባለቤት ነበር፤ የራሱ ጄኔሬተር ነበረው። አንድ ዙር ስሙኒ። ገበያው እንደ ስሙ አርብ ስለሆነ የዚያን ቀን ከገጠር የመጣው ጎረምሳ ሁሉ እህሉን ሸጦ በሩ ላይ ይሰለፋል። ሴት ልጅ ሻይ ቤት ተቀምጣ ጌም ስትጫወት መታየት ነውር ስለነበር እኔ ከደጃፉ አላልፍም። ማሽኑ ሲበላሽ ግን ነውሩ ይረሳል። አክስቴ ክሊኒክ ትሠራ ስለነበር ጋሼ፣ «ነይ እስቲ፣ ያቺን አልኮልና ጥጥ ይዘሽ!» ይሉኛል። በአርብ ቀን ማሽን ቆመ ማለት የሳምንት ገቢ ቀረ ማለት ነው።

ካሴት የሚባለው ስሙ ነው እንጂ ውስጡ የሚዞር ክር የለም። አንድ ትንሽ ሰሌዳ፣ በላዩ ላይ በጥቁር ሙጫ ጠብታ የተሸፈነ የማስታወሻ ቺፕ፣ ከታች ደግሞ እንደ ጥርስ የተደረደሩ የብረት መስመሮች። የጃፓኑ 60 ጥርስ አለው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የገባው 72። አንዷ ጥርስ ካልነካች ማሽኑ የተሳሳተ ነገር ያነብባል። ደስ የሚለኝ ምልክቱ የትኛው መስመር እንደታመመ መናገሩ ነው። ፕሮግራሙ የሚነበብበት መስመር ከተቋረጠ ስክሪኑ አንድ ቀለም ሆኖ ዝም ይላል። ሙዚቃው እየተሰማ፣ ሰውየውም ሲነኩት እየዘለለ፣ ሥዕሉ ብቻ ከተመሰቃቀለ ግን ብዙውን ጊዜ የታመመው የሥዕሉ መስመር ነው። የአሜሪካው ማሽን ደግሞ ካሴቱ የኩባንያው መሆኑን የሚያጣራ ዘበኛ ቺፕ ነበረው፤ ንክኪው ሲደክም ዘበኛው ማሽኑን በየሰከንዱ እያጠፋ ያስነሣዋል፣ ስክሪኑም ብልጭ ድርግም ይላል። የእኛው ርካሹ ዘበኛ ስላልነበረው እንደዚያ ሲል አላየሁም።

እና እፍ ማለቱስ? ብረቱ ላይ በጊዜ ብዛት ስስ ዝገትና እድፍ ይይዛል። ካሴቱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ጥርሱን ከማስገቢያው ጋር ስለሚያፋትገው እድፉን ይፍቀዋል። የሚያድነው መንቀሉና መሰካቱ ነው። ትንፋሽ በመካከል የገባ አጃቢ ነው፤ እንዲያውም እርጥበቱ ቀስ በቀስ ብረቱን ያበላሻል፤ ኒንቴንዶ ራሱ እፍ አትበሉ ብሎ አስጠንቅቋል። ታዲያ ለምን ሁሉም አመነ? ሳይነፉ ነቅሎ መሰካትን ለብቻው የሞከረ ስለሌለ ነው። ስሙኒውን ከፍሎ ተራው የደረሰ ልጅ የቁጥጥር ቡድን አያቋቁምም! እፍ ብሎ ይሰካል፣ ይሠራለታል፣ ለታናሽ ወንድሙም ያስተምራል። አልኮል የነካ ጥጥ ግን በትክክል ያጸዳል፤ የጠነከረውን እድፍ ላጲስ በቀስታ ያነሣዋል፣ ብናኙን መጥረግ ካልተረሳ።

የስክሪኑ ጣጣ ሌላ ነው፤ እዚያ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከካሴቱም ከማሽኑም አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው በ1977፣ ከኢሠፓ ምሥረታ ጋር ነው። የተከተልነው ሥርዓት ፓል የሚባለው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚያድሰው ነው። የጃፓኑ ማሽን ግን ኤንቲኤስሲ በሚባለው፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚልከው። አስመስለው የሠሩት በሁለቱም ዓይነት ስለወጣ ቀለም ያለው ቲቪ ላይ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ቢመጣ ማሽኑ ተቃጠለ ማለት አልነበረም፤ ቋንቋቸው ስላልተግባባ ነው። ሥዕሉ ወደ ላይ እየተንከባለለ ካስቸገረ ቲቪው ኋላ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ስክሪኑ በነጠብጣብ ተሞልቶ ሲንሻሻ ደግሞ ወይ ቻናሉ አልተገኘም፣ ወይ ከአንቴናው ቀዳዳ የገባው ገመድ ላልቷል። ወፍራም ጥላ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ አዳፕተሩን ጠርጥሩ። ጋሼ ግን ለሁሉም አንድ መድኃኒት ነበራቸው፤ የቲቪውን ጎን በጥፊ! አንዳንዴም ሠርቶላቸዋል፤ ያው የላላ ንክኪ ስለሆነ።

እግረ መንገዴን፦ ኪቦርድ ያለውን ዓይነት ሳይ ፊደላችን በዚህ ማሽን ይጻፍ ነበር ወይ ብዬ አስልቼ አውቃለሁ። ማሽኑ ለአንድ ገጽታ ሥዕል የሚይዘው 256 ትንንሽ ካሬ ነው፤ እያንዳንዱ ስምንት በስምንት ነጥብ። 33ቱን ፊደል በሰባት ስታባዙት 231። ዲቃሎቹን ሳትጨምሩ የሚተርፈው 25 ካሬ ብቻ፤ እሱም ለቁጥርና ለነጥብ ይሄዳል። ‹ጨ›ንና ‹ጬ›ን በስምንት ነጥብ ለመለየትም የሐኪም ሳይሆን የቁም ጸሐፊ ዓይን ይጠይቃል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን ሁሉ ለጨዋታ ብቻ አላነሣሁትም። ከተመረቅኩ በኋላ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ሁለት የኦክስጅን መለኪያ ሞኒተሮች «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ስቶር ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በዚያው ወር የሳንባ ምች ይዟቸው ለሚመጡ ሕፃናት የከንፈራቸውን ቀለም እያየን ነበር ኦክስጅን የምንሰጠው። አንዱን አውጥቼ የጣት ገመዱን መሰኪያ ሳየው ጥርሱ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። አልኮልና ጥጥ። ማታውኑ ሕፃናት ክፍል ገብቶ ሠራ። ሁለተኛው ግን በእውነትም ሞቶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሁሉም በጥጥ አይነሣም። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የማልኪንና የኪን ጥናት ከ11 ሀገሮች፣ አቅም ካጠራቸው 60 ሆስፒታሎች የተሰበሰቡ 2,849 የጥገና ጥያቄዎችን መርምሮ ከተበላሹት 66 በመቶው ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሳያስፈልግ፣ በቀላል ሙያ ወደ ሥራ ሊመለሱ እንደሚችሉ አሳይቷል።  ስቶር ያላችሁ የሕክምና ዳይሬክተሮች፣ በተለይ ለእናንተ ነው ይህን አንቀጽ የጻፍኩት።

ለግንኙነታችን ቀን አንድ ልመና አለኝ። እናቶቻችሁ ቤት ሣጥን ውስጥ የቀረ ማሽንና ካሴት ካለ ይዛችሁ ኑ፤ የዚህ ታሪክ ማስረጃ ሌላ ቦታ የለም። ስትመጡ አዳፕተሩን ሳትፈትሹ አትሰኩ፣ ያረጀ ገመድ ቆዳው ይፈረፍራል። ሽጉጥ ያለውም ያምጣ። ዳክዬዋን ስትተኩሱ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና የዳክዬዋ ቦታ ብቻ ይነጣል፤ ሽጉጡ ያንን ብርሃን ነው የሚፈልገው፤ አሁን ያሉት ጠፍጣፋ ቲቪዎች ሥዕሉን ዘግየት አድርገው ስለሚያወጡ አያየውም። ስለዚህ ያ ኋላው የወጣ አሮጌ ቲቪ ያለው ሰው የግድ ያስፈልገናል፤ ለመሸከም ሰው እንልካለን። አልኮልና ጥጡን እኔ እችላለሁ።