ጠገራና አሞሌ፦ ወደብ የሌላት ሸዋ እና የብር ዋጋ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አልዩ አምባ ላይ ዓርብ ገበያ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። አንደኛው ከሰሜን፣ በአፋር ምድር ካለው ከአርሆ ተፈልጦ በጭነት ከብት ጀርባ የመጣው አሞሌ ጨው ነው። ሁለተኛው ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃና አዋሽን አቋርጦ የመጣው ጠገራ ብር ነው። ግመሎቹ ጭነታቸውን ከአቀበቱ ግርጌ፣ ፋሬ ላይ ያራግፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የአህያ፣ የበቅሎና የሰው ትከሻ ነው። የንጉሡ ከተማ አንኮበር ከላይ ሆና ታያለች፤ ገንዘብ የሚመነዘረው ግን ከታች፣ የአርጎባና የሐረር ነጋዴዎች በሚገናኙበት በአልዩ አምባ ነበር።

ጠገራው ባለቤቱ በሌለችበት የሚኖር ገንዘብ ነው። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ በኅዳር 1780 ብትሞትም፣ ስሟና መልኳ ያለበት ሳንቲም 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ተመትቷል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ንጹሕ ብሩ ደግሞ 23.4 ግራም ገደማ ነው። ኦስትሪያ ራሷ በ1858 ከአገር ውስጥ መገበያያነት አወጣችው፤ በቀይ ባሕር ዳርቻና በሐበሻ ምድር ግን ፈላጊው አልቀነሰም። ተቀባዩ የራስ ጌጧን ሉል በጣቱ ይዳስሳል፣ በትከሻዋ ማያያዣ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ነጥቦች ይቆጥራል። የተፋቀውን ወይም የተበሳውን ይመልሳል። ነጋዴው ጀርመንኛ ባያነብም የገንዘቡን መልክ ከቪየና ሰው ይልቅ ያውቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት እንኳ የአንድ ጠገራ ክብደት ሆኖ ቀረ።

ጠገራው ግን ለትንሽ ግዢ አይመችም። በርበሬና ሽንኩርት ለመግዛት ጠገራ ይዞ የወጣ ሰው መልስ አያገኝም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አሞሌ ይመነዝረዋል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሸዋ የመጡት እንግሊዞች፣ ሻለቃ ኮርንዋሊስ ሃሪስም ሆነ አልዩ አምባ ላይ የቆየው ቻርልስ ጆንስተን፣ የአንድ ብር ምንዛሬ 20 አሞሌ ገደማ እንደነበር ጽፈዋል። ቁጥሩ የጸና አልነበረም። ከአርሆ በተራቀ መጠን ለአንድ ብር የሚሰጠው አሞሌ ያንሳል፤ ክረምት ገብቶ ሲራራው ሲቋረጥ ደግሞ ጨው ይወደዳል። ጭጋግ በማይለያት አንኮበር አሞሌ ራሱ ይረጥባል፣ ይሸረፋል፤ የተሸረፈ አሞሌ ደግሞ ሙሉ ዋጋውን አያወጣም። ገንዘቡን በጎተራው ያከማቸ ሰው ዝናብ ሊያከስረው የሚችልበት አገር ነበር። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሀብት አድርጎ ማቆየት ያስቸግራልና ንጉሡም መኳንንቱም የሚያስቀምጡት ብሩን ነበር።

ታዲያ ይህ ብር የሚመጣው በምን ምላሽ ነው? በዝሆን ጥርስ፣ በቡና እና፣ ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት፣ በሰው ነው። ከደቡብ የተማረኩ ሰዎች በሸዋ ገበያዎች አልፈው ወደ ታጁራ ይወርዱና ከዚያ ባሕር ይሻገሩ ነበር። እንግሊዝ በጥር 1839 ኤደንን ስትይዝ ይህ ንግድ በአዲስ ወደብ ጥላ ሥር ወደቀ። የሃሪስ ልዑክ በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር ደረሰ፤ በኅዳር ወር ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሳዊም በ1843 የራሱን ውል አገኘ። ወደብ የሌላት ሸዋ ሁለት የባሕር መንግሥታት የሚፎካከሩባት ገበያ ሆነች።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ከውል ሳይሆን ከብር ዋጋ ነው። ጀርመን ከ1871 በኋላ ገንዘቧን ወደ ወርቅ ስትለውጥና ሌሎችም ሲከተሏት፣ ብር በለንደን ገበያ መውረድ ጀመረ። እስከ 1873 ድረስ አንድ አውንስ ብር 60 ፔንስ አካባቢ ያወጣ ነበር፤ በ1902 ወደ 24 ፔንስ ወረደ። በጠገራው ክብደት ሲሰላ፣ አንድ ብር ከ4 ሺሊንግ ተነሥቶ 2 ሺሊንግ እንኳ ወደማይሞላ ዋጋ ወረደ ማለት ነው። ሳንቲሙ ግን ያው ነው፤ ሉሉም ዘጠኙ ነጥብም አልጎደለም። የደብረ ብርሃን ገበሬ በሬውን ሸጦ ብር ሲቀበል ስለ ለንደን የሚሰማው ነገር አልነበረም። ኪሳራው የሚታየው ዋጋው በፍራንክ ወይም በፓውንድ የተቆረጠ ዕቃ በተገዛ ጊዜ ነው፤ ከእነዚህ ዕቃዎች ዋናው ጠመንጃ ነበር።

ባለቅኔው አርተር ራምቦ እዚህ ላይ ይገባል። በ1885 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ አውሮፓ ውስጥ ሰባት ስምንት ፍራንክ የሚገዛ አሮጌ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ያሰላል። ከብዙ ወራት የታጁራ ቆይታ በኋላ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ አልነበሩም፤ እንጦጦ ድረስ ሄደ። ንጉሡ የሞተ ሸሪኩን ዕዳ ቀንሰው የከፈሉትም በጥሬ ብር ሳይሆን በሐረሩ ገዥ በመኮንን (በኋላ ራስ) ዘንድ በሚመነዘር ወረቀት ነው። ሐረርም በቂ ጥሬ ብር ስላልነበረ ራምቦ የቀረውን ለመቀበል በዚያው ዓመት ምጽዋ መውረድ ግድ ሆነበት። ሸዋ የተሸጠ ጠመንጃ ገንዘቡ ጣሊያን በያዘችው ወደብ ተከፈለ። አምስት እጥፍ ሊያተርፍ የተነሣው ሰው በመጨረሻ የሚያማርረው ስለ ኪሳራው ነበር።

ምኒልክ የራሳቸውን ብር በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1887 ፓሪስ ላይ ሲያስመቱ ክብደቱን ከጠገራው ጋር አስተካከሉት። የአንበሳው ምስል ቢኖርበትም፣ የለመዳትን ሴት የፈለገው ገበያ በቀላሉ አልተቀበለውም። በ1920 መጀመሪያ ብር በለንደን ወደ 89 ፔንስ ሲወጣ ጠገራው ከሚገዛው ዕቃ ይልቅ ብረቱ የተወደደበት ጊዜም መጣ። በ1945 የወጣው አዲስ ገንዘብ ከወረቀቱ ጎን የብር 50 ሳንቲም ያስገባው በከንቱ አይደለም፤ ሰዉ በእጁ የሚመዝነው ነገር መፈለጉ ገና አልቀረም ነበርና።