አውጫጭኝ እና የኛ ቤት

ከኤደን ፕሬሪ ነኝ፤ ታክሲዬን አቁሜ ነው የምጽፈው። ልጅ ወይም ወንድም ሕግ ሲጥስ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ጥያቄው አሜሪካ ስንመጣ የተጀመረ ይመስለናል። አይደለም።

አባቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው፤ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ተሰርቆ ሌባው ካልታወቀ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ በመሐላ ይጠየቃል። ሌባው ካልወጣ ዕዳውን ሁሉም ይከፍላል። ወንድምን መደበቅ ጎረቤትን ማስከፈል ነበር ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ ሰው ተገድሎ ሽማግሌ እርቅ ሲያወርድ የደሙን ካሳ የገዳዩ ዘመዶች ያዋጡ ነበር። ጥፋቱን አልካዱም፤ ሰውየውንም አልጣሉትም።

እዚህም አገር ዴቪድ ካዚንስኪ በ1996 እ.ኤ.አ. በፖስታ ቦምብ 3 ሰው የገደለውን ወንድሙን ቴድን ለኤፍቢአይ ጠቆመ። ከዚያ በሞት እንዳይቀጣ ተሟገተለት። ቴድ በ1998 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

እኛ ግን ወይ «ስማችን እንዳይጠፋ» ብለን እንደብቃለን፣ ወይ «ልጄ አይደለም» ብለን በር እንዘጋለን። በድሮ ሙያዬ በምህንድስና፣ የተሰነጠቀ ምሰሶ ቀለም አይቀባም፤ ቤቱም አይፈርስም፤ ይደገፋል። ፖሊስ ከፈለገው ጠበቃ ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ። ሲታሰርም ጠይቁት።

ቸር ያሰማን።