የጀማ ዳገትና የመሪ ዘይት

ጀማን ወርዶ ያልወጣ ሹፌር ስለ መሪ ባያወራ ደስ ይለኛል። ከጎጃሙ መንገድ ሙከጡሪ ላይ ተገንጥሎ ወደ ዓለም ከተማ የሚመጣ መኪና ለሚን አልፎ ጥቂት እንደሄደ አፋፉ ላይ ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። መንገዱ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርድና ጀማ ድልድይ ይደርሳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ እንደዚያው እየተጠማዘዘ ወደ መርሐቤቴ ደጋ ይወጣል። ለሚ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ወንዙ ዳር ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። እዚህ መንገድ ላይ ሞተር ቢደክም በአንደኛ ማርሽ እያዘገመም ቢሆን ይወጣል። የመሪ ድካም ግን ፋታ አይሰጥም።

ሥራዬ መካኒክነት ነው፤ ጋራዤም እዚሁ ዓለም ከተማ። ከፍሬን ቀጥሎ በብዛት ደጄ የሚቆመው መሪው ዘይት የሚያፈስ መኪና ነው። ወጣቶቹ መካኒኮች የተቀደደውን ቱቦ ሲቀይሩ አሮጌውን ዘይት በጨርቅ አጥልለው መልሰው ሲሞሉት አያለሁ። ስጠይቃቸው «እንዲህ ነው የተማርነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት። ልማዱ ከየት እንደመጣ፣ ለምን ጊዜው እንዳለፈበት ማስረዳት ግን መሪን ከመጀመሪያው መተረክ ይጠይቃል።

መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ አመጣላቸው። የእኛ አገር ሰው ያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ጀማን የሚሻገረው በእግሩና በበቅሎው ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ መርሐቤቴ የነበረ መርሐቤቴ፣ ማዶ የነበረም ማዶ ሆኖ ይከርም ነበር።

ትልልቁን የጭነት መኪና በብዛት ያስገባው የጣሊያን ወረራ ነው። «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ የሚጠራው ፊያት ጠላት ከተባረረም በኋላ ለዓመታት አገር ሲያገለግል ኖሯል። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ሥራ ሲጀምር የተጠገኑት መንገዶች ላይ ይርመሰመሱ ከነበሩት ከባድ መኪኖች ብዙዎቹ የዚሁ የጣሊያን ዘር ነበሩ። ትሬንታ ኳትሮ መሪውን የሚያግዝ ዘይት አልነበረውም። የሹፌሩ ክንድ፣ ከክንዱ ቀጥሎ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያሉት ጥርሶች፣ ከዚያ ጎማው፤ በቃ። መሪው እንደ ምጣድ ሰፊ የተደረገውም ለክንድ ጉልበት እንዲሆን ነው። ሹፌሩ ኩርባ ላይ ከመቀመጫው ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ መሪው ላይ ይንጠለጠላል። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ከኋላ ይሮጣል፤ መኪናው ባንድ ጊዜ መዞር አቅቶት ወደ ኋላ ሲመለስ እንጨቱን ጎማው ሥር ይወሽቃል። በዚያ ዘመን ሹፌር በከተማ ሁሉ የሚከበረው ደመወዙ ብቻ ታይቶ አልነበረም። አንድ ሙሉ መኪና እህል በክንዱ አዙሮ ዳገት የሚያወጣ ሰው ነው።

ዘይት መሪን እንዲያግዝ ማድረግ የተቻለው ግን ቀደም ብሎ ነበር። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1926 ፒርስ አሮው መኪና ላይ ገጥሞ አሳይቷል። ፋብሪካዎቹ ውድ ነው ብለው ሳይቀበሉት ቆዩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ላይ ተሠራበት፤ ለገበያ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ሞተሩ በቺንጋ ፖምፓ ያዞራል፣ ፖምፓው ዘይት ይገፋል፣ የተገፋው ዘይት ሹፌሩ ወደፈለገው አቅጣጫ ጎማውን ለማዞር ያግዛል። ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ በሌላ ቱቦ ወደ ቋቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ቱቦ አለ፤ ግፊት የሚሸከመውና መመለሻው።

ለእኔ ዘመን ሰው በዘይት የሚዞር የከባድ መኪና መሪ ከጦሩ ጋር የመጣ ነገር ነው። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ የሶቪየት ኅብረት ኡራልና ዚል አገሩን ሲሞሉት፣ ከጦር ሠራዊት የተመለሱ ሹፌሮች መሪን በሁለት ጣት ስለማዞር ማውራት ጀመሩ። የድሮዎቹ አላመኑም። አንድ በትሬንታ ኳትሮ ያደጉ አባት መሪው ሲቀልላቸው መሬቱን ማወቅ እንዳቃታቸው፣ ጎማው ጠጠር ይርገጥ ጭቃ እጃቸው እንደማይነግራቸው ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። ነገራቸው ከእልከኝነት ያለፈ ነበር። ክንድ መንገድን ያነብ ነበር፤ ዘይት ሲገባበት ንባቡ ቀረ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አይሱዙ በብዛት ሲገባ ነገሩ አለቀ። ጤፍም ጨውም ሰውም የሚያመላልሰው እሱ ሆነ። ቀጥሎ ሚኒባሱና አባዱላው መጣ። አይሱዙ መግባት በጀመረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ገደማ፣ የካርልሃይንዝ ቦም «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት መርሐቤቴ ላይ ሥራ ጀመረ፤ የከተማችን እናት ሆስፒታልም የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ሆስፒታል ሲኖር አምቡላንስ አለ፣ መድኃኒት የሚያመላልስ መኪና አለ። ያም ሁሉ ጀማን ይወርዳል፣ ይወጣል። ጥገናውም የአዲስ አበባ ብቻ መሆኑ እየቀረ እኛም ጋ ደረሰ።

እኔ ሙያውን የቀሰምኩት አዲስ አበባ፣ በደርግ ጊዜ ነው። ነዳጅ በኩፖን ነበር። ዘይት በገንዘብም በሰውም የሚፈለግ ነገር ነበር። ያሠለጠነኝ አለቃ የመሪ ዘይት ሲያወርድ አንዲት ጠብታ መሬት እንድትነካ አይፈቅድም። በድርብ ሻሽ ያጠልላል፣ በጠርሙስ ሞልቶ በቆርኪ ይከድናል፣ ጠርሙሱ ላይ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር በጠመኔ ይጽፋል። ያ ዘይት ወደዚያው መኪና ይመለሳል እንጂ ለሌላ አይሰጥም። ቱቦም ቢሆን ሶማሌ ተራ ተሂዶ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ይገዛል፤ ከጠፋም መመለሻውን ቆርጠን በብረት ቧንቧ እየቀጠልን በፋሼታ እናስራለን። በዚያ ጊዜ ዘይት መጣል ነውር ነበር፤ ልክም ነበር። ቢደፋ የሚተካው አይገኝም፣ መኪናውም ይቆማል።

ችግሩ ሻሹ የሚይዘውን ብቻ መያዙ ነው። አሸዋ ይይዛል፤ ከፖምፓው ተልጦ የወጣን የብረት ብናኝ ያሳልፋል። ውሃ ያሳልፋል። በሙቀት ያረጀን ዘይት ደግሞ ምንም ጨርቅ አያድሰውም። ይህ በሜዳ አገር ላይ ቶሎ ላይታወቅ ይችላል። ጀማ ላይ ይታወቃል። ኩርባው ላይ መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር የተገፋው ዘይት መሄጃ ያጣል። ግፊቱ እንደየመኪናው ከ70 ባር እስከ 100 ባርና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ የሚኒባስ ጎማ ውስጥ ያለው ነፋስ ከ3 እስከ 4 ባር መሆኑን ለሚያውቅ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ዘይቱ ይግላል፣ የቱቦው ጎማ ይደርቃል፣ ብረቱ ጎማውን የሚነክስበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግፊት የሚሸከመውን ቱቦ በፋሼታ መቀጠል የለም። ገደል ላይ ይፈነዳል።

በቅርቡ ከመራኛ ጤፍ ጭኖ የመጣ አይሱዙ ደጄ ቆመ። ሹፌሩ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ቱቦውን ብቻ ይቀይሩልኝ፤ ዘይቱ ደህና ነው፣ ትናንት ነው የጨመርኩት» አለኝ።

«መጨመርና መቀየር ለየቅል ነው» አልኩት።

የፊቱን ጎማዎች በክሪክ ከመሬት አነሣኋቸውና ታኮ አደረግሁበት። ሞተሩ ቀዝቅዟል፤ በሙቅ ዘይት የተቃጠለ እጅ ቶሎ አይድንም። የቋቱን ክዳን ከፍቼ ከብት ሐኪሞች በሚይዙት ትልቅ ስሪንጅ በላይ ያለውን መጠጥኩ። ከዚያ ጎኑ የተቀደደ ጀሪካን ከሥር አስገብቼ መጀመሪያ የመመለሻውን ቱቦ ፈታሁ፤ ግፊት የለውምና ዘይቱ በራሱ ይወርዳል። ልጁ ሞተር ሳያስነሣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብሎ እንዲያዞር አደረግሁ። ባዞረ ቁጥር መሪው ሆድ ውስጥ የቀረው ዘይት በቱቦው እየተተፋ ጀሪካኑ ውስጥ ይወርዳል። ሞተር አስነሥቶ ማስወጣት የሚወዱ አሉ፤ ፖምፓ ግን የሚቀባው ያው የሚገፋው ዘይት ነው፣ ባዶውን ሲዞር ራሱን ይበላል። አዲስ ዘይት ቀይ ነው፤ ከዚህ መኪና የወረደው ጥቁር ነበር። ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ ሳዘነብለው ከሥሩ የብረት ብልጭታ ተንሳፈፈ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና ስለ ትናንቱ ዘይት ሌላ ነገር አልተናገረም።

መምጠጡና ማዞሩ ካለቀ በኋላ ነው የግፊቱን ቱቦ የፈታሁት። ዳዶውን ባልተጣደፈ እጅ በልኩ ቁልፍ ፈትቶ፣ የድሮውን የመዳብ ሮንዴላ ጥሎ አዲስ ማድረግ ነው። አዲሱን ቱቦ ገጠምኩ፣ መመለሻውን መልሼ አሰርኩ፣ ቋቱን ሞላሁ፣ መሪው ሞተር ሳይነሣ ደጋግሞ እንዲዞር አደረግሁ፤ ነፋሱ በአረፋ እየወጣ ዘይቱ ሲጎድል ጨመርኩ። አረፋው ሲያልቅ ሞተሩ ተነሣ። ፖምፓው አልጮኸም።

የወረደውስ የት ይሄዳል? ገበሬው ይወስደዋል። ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨትና የቤት ምሰሶ ሥር በተቃጠለ ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ጥቂቱ ለዚያ ይሆናል። ሌላውን ከጋራዥ ጀርባ መድፋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የእኛ ጎርፍ ሁሉ ወደ ጀማ፣ የጀማም ወደ ዓባይ ነው። በርሜል አስቀምጬ አጠራቅማለሁ። ወጣቶቹ በዚህ ይስቁብኛል፤ ዘይት መልሶ መሙላት ቁጠባ መስሏቸው ማስቀመጥን እንደ ብክነት ያዩታል።

ዛሬ ዘይት ሱቅ መደርደሪያ ላይ አለ። ዋጋው ይወደዳል እንጂ አይጠፋም፤ አንድ ፖምፓ ደግሞ ብዙ ሊትር ዘይት ይገዛል። ስለዚህ የአለቃዬ ቁጠባ ዛሬ ኪሳራ ነው። እሱ ቢኖር ይህን ቀድሞ የሚያውቀው ራሱ ነበር፤ ጠርሙሱ ላይ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ዘይቱ ከየት እንደመጣ የሚቆጥር ሰው ነው። ወጣቶቹ ሻሹን ወርሰው ጠመኔውን ረስተውታል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች መሪያቸው የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ፖምፓ የለም፣ ቱቦ የለም፣ የሚወርድ ዘይትም የለም። የትሬንታ ኳትሮ ክንድ በኡራል ዘይት እንደተተካ ሁሉ የአይሱዙ ዘይት ደግሞ በኤሌክትሪክ ሊተካ ነው። አይሱዙዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት ጀማን ይወርዳሉ። የመሪ ዘይት ዘመን ከማለቁ በፊት ሊያልቅ የሚገባው ሻሹ ነው፤ አሮጌው በርሜል ይግባ፣ አዲሱ ቋት ይሙላ።